ከንክኪ ነፃ የተደረገ ተራራ ዘመቻው ሲያበቃ የማን ነው?

ጥያቄ
ከ፦ የወረዳ ባለሙያ (ሰሜን ወሎ)

ጤና ይስጥልኝ። በተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ሥራ ላይ የተሠማራሁ የወረዳ ባለሙያ ነኝ። በየዓመቱ የመኸሩ ሰብል ተሰብስቦ ሲያበቃ አርሶ አደሩን አስተባብረን እርከን እንሠራለን፣ ቦረቦሩን በክትር እንዘጋለን፣ የተራቆተውን ተዳፋት ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ እናደርጋለን፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ችግኝ እንተክላለን። ሥራው አድካሚ ቢሆንም ውጤቱን በዓይናችን ስላየነው አንሰለችም። ድንጋይ ብቻ የነበረ ተራራ ሣር ሲለብስ፣ ነጥፎ የቆየ ምንጭ በበጋ ወራት ውሃ ሲያወጣ ማየት ለእኔ ከደመወዝ በላይ ነው።

የሚያስጨንቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ጉዳይ ነው። ዝናቡ መልካም በሆነባቸው ዓመታት ክልከላው ይከበራል። በልጉ ቀርቶ ክረምቱም ዘግይቶ በገባበት ዓመት ግን ገበሬው ከብቱን እየነዳ ወደ ተከለለው ቦታ ይገባል፤ ሌሊት ገብተው ለማገዶና ለከሰል የሚቆርጡም አሉ። ጥበቃው ሲከለክላቸው የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፦ «እርከኑን የሠራሁት እኔ፣ ድንጋዩን የተሸከምኩት እኔ፤ ታዲያ ከብቴ ሣሩን እያየ ይሙት?» ይህን የሚለውን ሰው ጥፋተኛ ነህ ብዬ ለመቅጣት ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም፤ ዝም ብዬ ባልፈው ደግሞ የብዙ ዓመት ድካም በአንድ የበጋ ወቅት ይጠፋል። ከእኛ የሚፈለገው ሪፖርት የእርከኑን ርዝመትና የችግኙን ብዛት እንጂ ሣሩን ማን እንደሚያጭድ፣ ስለ ዛፉ ማን እንደሚወስን የሚጠይቅ አይደለም።

አገራችን በረሃማነትን ለመዋጋት የወጣውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ1989 ዓ.ም. አጽድቃለች። በ1997 ዓ.ም. ልማታዊ ሴፍቲኔት ተጀመረ፣ በ2000 ዓ.ም. ዘላቂ የመሬት አያያዝ ፕሮግራም መጣ፣ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አረንጓዴ ዐሻራ አለ። ከእነዚህና ከቀደሙት ሁሉ በመሬት ላይ ጸንቶ የቆየው የትኛው ነው? የጸናውስ በምን ምክንያት ነው? በዘርፉ የቆያችሁ ሰዎች ልምዳችሁን ብታካፍሉኝ ለቀጣዩ ዓመት ዕቅዳችን ይጠቅመናል።


መልስ 1
ከ፦ ጥድና ወይራ (ጡረታ የወጣ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያ)

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትክክለኛ ቦታ ላይ ያረፈ ነው። እኔ ሥራ የጀመርኩት በምግብ ለሥራ ዘመን ስለሆነ ከዚያ ልነሣ።

ከ1966ቱ የወሎ ረሃብ በኋላ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በደርግ ዘመን ደግሞ በዓለም ምግብ ፕሮግራም ድጋፍ በወሎ፣ በትግራይ፣ በሸዋና በሐረርጌ ተራሮች ላይ እጅግ ሰፊ የእርከንና የደን ተከላ ሥራ ተሠራ። ገበሬው ለሠራበት ቀን ስንዴና ዘይት ይቀበል ነበር። በሥራው መጠን ያ ዘመን ከየትኛውም የሚያንስ አልነበረም። ይሁን እንጂ የትኛው ተራራ እንደሚከለል የሚወስነው ከላይ የመጣ ባለሥልጣን ነበር፤ የተተከለውም ዛፍ «የመንግሥት ደን» ወይም «የገበሬ ማኅበር ደን» ይባል ስለነበር ገበሬው አንድ ቅርንጫፍ እንኳ ቆርጦ የመውሰድ መብት አልነበረውም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። በብዙ አካባቢ ደኑ በጥቂት ሳምንታት ተመነጠረ፣ ከብት ተለቀቀበት፣ እርከኑም ሳይቀር ፈረሰ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ገበሬውን አላዋቂ አድርጎ ወቀሰው። በእኔ እምነት ግን ገበሬው ያፈረሰው የእኔ ነው ብሎ የማያውቀውን ነገር ነው፤ በዚያው ዘመን በገዛ ማሳው ዳር የተከለውን ባሕር ዛፍ የነካ ሰው አላየሁም።

ከዚያ በኋላ የተለየ መንገድ የታየው በትግራይ ነው። ክልሉ ለሥራ የደረሰ ነዋሪ ሁሉ በዓመት 20 ቀን ያለ ክፍያ በአፈርና ውሃ ጥበቃ ላይ እንዲሠራ አደረገ፤ ይህ በብዙ ቦታ ተጽፏል። ያን ያህል ያልተጻፈለት ነገር ግን የሚከለለውን ቦታ የመንደሩ ሰው በጉባኤ መምረጡ፣ ቅጣቱንም ራሱ በሰሪት (በመንደሩ መተዳደሪያ ደንብ) መወሰኑ፣ ሣሩንም አጭዶ መውሰድ መቻሉ ነው። በክልተ አውላዕሎ ወረዳ ያለችው አብርሃ ወአጽብሃ መሬቷ ከመጎዳቱ የተነሣ ነዋሪዎቿን ወደ ሌላ ቦታ ለማስፈር እስከ መታሰብ የደረሰባት ቀበሌ ነበረች። ነዋሪዎቹ ግን ቀርተው ተራራውን ከለሉ፣ በየቦታው ውሃ ማስረጊያ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ከዓመታት በኋላም ውሃው በጥቂት ሜትር ጥልቀት በእጅ በሚቆፈር ጉድጓድ የሚገኝ ሆኖ አትክልትና ፍራፍሬ ማልማት ጀመሩ። ቀበሌዋ በ2004 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ለማኅበረሰቦች የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት ተቀበለች። በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ደግሞ የትግራይ ክልል የሕዝብ ንቅናቄ ፖሊሲ በረሃማነትን በመዋጋት ረገድ ከዓለም የተሻለ ተብሎ የወርቅ ሽልማት ተሰጥቶታል።

ይህ ስሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ማስረጃ ልጨምር። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ከዙላ ተነሥቶ ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩት። የቤልጂየም ተመራማሪዎች በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ከነበሩ ባልደረቦቻቸው ጋር እነዚያ ፎቶግራፎች የተነሡባቸውን ቦታዎች ፈልገው፣ ከ140 ዓመት በኋላ በዚያው ቦታ ቆመው በድጋሚ አነሷቸው። በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረው ጦርነት በፊት በነበሩት ዓመታት ብዙዎቹ ተዳፋቶች ከዚያ ዘመን ይልቅ ዛፍና ቁጥቋጦ ለብሰው ተገኙ። አገራችን በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ከ40 በመቶ ደን ወደ 3 በመቶ ወረደች የሚለውን ንግግር በስብሰባ ሁሉ ስሰማ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ያ 40 በመቶ የሚባለው ቁጥር በአስተማማኝ ጥናት የተደገፈ አለመሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ነገሩ ከቁጥር ያለፈ ትርጉም አለው። መሬቱ የጠፋው በአያቶቻችን ድንቁርና ነው ብሎ የሚነሣ ፖሊሲ ገበሬውን እንደ ጥፋተኛ ስለሚያይ መፍትሔውንም በክልከላ ብቻ ይፈልጋል።

ቴክኒኩን በተመለከተ አንተም የምታውቀውን አንድ ነገር ልድገም። የተራቆተ ተራራ ሲከለል አብዛኛው ዛፍ የሚመጣው ከተተከለው ችግኝ ሳይሆን በመሬት ውስጥ ሕያው ሆኖ ከቆየው ሥርና ጉቶ ነው። ሣሩና ቅጠሉ አፈሩን ሲሸፍን ቀድሞ በጎርፍ ይሄድ የነበረው ዝናብ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ከታች ያለው ምንጭ የሚመለሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ተክለን ሳይጸድቅ ለቀረው ችግኝ ከምናዝነው በላይ፣ በራሱ የበቀለውን ለማስጠበቅ ብንደክም ይሻላል።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው ጦርነት ይህን ሁሉ ክፉኛ ጎድቶታል፤ መብራትና ነዳጅ ሲቋረጥ ሕዝቡ ወደ ማገዶና ከሰል ተመለሰ፣ ጥበቃም፣ የቀበሌ ጉባኤም ፈረሰ። ይህን የምጽፈው በኀዘን ነው። ለአንተ ጥያቄ ግን የምሰጠው መልስ አልተለወጠም፤ ከየትኛውም ፕሮግራም ስም በላይ ጸንቶ ያየሁት መንደሩ ራሱ ያወጣው ደንብና ከደንቡ ጋር የሚመጣው ጥቅም ነው። የኮንሶ እርከኖች ከአራት መቶ ዓመት በላይ የቆዩት፣ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትም ማንም ዘመቻ ሳይጠራላቸው ነው።


መልስ 2
ከ፦ ያቤሎ (ቦረና)

በጋሼ ጽሑፍ ብዙ ተምሬአለሁ፤ ነገር ግን ውይይቱ ስለ ደጋ ተራራ ብቻ እንዳይሆን እፈራለሁ። በረሃማነት የሚባለው አደጋ ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው ቆላውንና አርብቶ አደሩን ሆኖ ሳለ ፖሊሲዎቹ ለዘመናት የተጻፉት በእርሻ አገር ሰው ዓይን ነው።

ለምሳሌ የቦረና አርብቶ አደር ቁጥቋጦ ግጦሹን እንዳይወርረው በየተወሰነ ዓመት ምድሩን ያቃጥል ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ መንግሥት ደን ለመጠበቅ በሚል እሳትን ከለከለ። ውጤቱ ከታሰበው ተቃራኒ ሆነ፤ የግራር ቁጥቋጦ ሣሩን ዋጠው፣ ላሞች የሚግጡት ቀነሰ፣ መሬቱ ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ቢመስልም ለከብት የሚሆን ምንም የሌለበት ሆነ። በሳተላይት ፎቶ ይህ ልምላሜ ነው። ለቦረና ሰው ግን የግጦሽ መጥፋት ነው። በዚያው ዘመን በእንስሳት ልማት ፕሮጀክት ስም በዝናብ ወቅት ብቻ ይጋጥ በነበረው ምድር ላይ ትላልቅ ኩሬዎች ተቆፈሩ። ውሃ መስጠት በጎ ሥራ ይመስላል። ይሁን እንጂ ቀድሞ ጋና የሚባለው ዝናብ ሲያበቃ ከብቱ ወደ ጥልቅ ጉድጓዶቹ፣ ወደ ቱላዎቹ ይመለስ ነበር፤ ያኛው ግጦሽም እስከ ሚቀጥለው ዝናብ ያርፍ ነበር። ኩሬው ሲመጣ ሰው በዚያው ሰፈረ፣ ምድሩ ዕረፍት አጣ። ጉድጓዱን ማን በስንተኛው ቀን ከብቱን እንደሚያጠጣ የሚወስነው አባ ሄሬጋ ነው፤ ውሃውንና ግጦሹን አንድ አድርጎ የያዘው ሥርዓት ያ ነበር። ፕሮጀክቱ ግን ውሃውን ብቻ አይቶ ሥርዓቱን ሳያየው ቀረ።

በአፋር ደግሞ ፕሮሶፒስ አለ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በረሃውን ያቆማል፣ ጥላና ማገዶ ይሰጣል ተብሎ የመጣው ዛፍ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ በሚሆን ምድር ላይ ተሠራጭቷል። የአዋሽን ዳርቻ፣ ድርቅ ሲመጣ አፋሮች የሚሸሹበትን ምርጥ ግጦሽ፣ ከያዘ በኋላ እሾሁ ሰውና ከብት አያሳልፍም። ፍሬውን የበላ እንስሳ ዘሩን ይዞ ወደ ሌላ ቦታ ስለሚሄድም ራሱን ያስፋፋል። ዛፍ መትከልን ሁሉ እንደ በጎ ሥራ ብቻ የሚቆጥር ፖሊሲ ይህን ማሰብ አለበት። ስንት ተተከለ ከሚለው በፊት ምን ተተከለ፣ የት ተተከለ፣ በማን ግጦሽ ላይ ተተከለ የሚለው ይቀድማል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት በእኛ አገር አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሸፉ። ከብቱ አለቀ፤ የተረፈውም ሰው ወደ መንገድ ዳር መጠለያ ገባ። ያን ጊዜ ቀድሞ የደረሰልን ቡሳ ጎኖፋ ነበር፤ ከብቱ ያለቀበትን ወገን ከብት ያለው የሚያቋቁምበት የራሳችን ሥርዓት ነው። ክልሉ በኋላ በአዋጅ ደረጃ ማደራጀቱ ተገቢ ነው፤ የምለምነው ግን ቢሮ ሆኖ ነፍሱን እንዳያጣ ነው።

ስለ ክለላ አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። በእኛም ዘንድ ካሎ የሚባል አለ፤ ለጥጆችና ለደከሙ ላሞች የሚቆይ የተከለለ ግጦሽ ነው። የማኅበረሰቡ በነበረበት ጊዜ ጠቃሚ ነበር። አሁን ግን ጥቂት ሰዎች በካሎ ስም ሰፊ ምድር እያጠሩ የግል አድርገውታል፤ የዘላቂ መሬት አያያዝ ሥራ እየተባለም ይመዘገባል። ክለላ ሁሉ ልማት አይደለም። አርብቶ አደር በድርቅ ጊዜ የሚድነው በመንቀሳቀስ ነው፤ መንቀሳቀሻውን የሚዘጋ አጥር በረሃማነትን አይከላከልም።


መልስ 3
ከ፦ የመሬት ሕግ

ሁለቱም ቀዳሚ ጸሐፊዎች የነኩት ጉዳይ በሕጉ በኩል እንዴት እንደሚታይ ባጭሩ ላስቀምጥ።

በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አርሶ አደሩ ያለው የመጠቀም መብት ነው። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 ዳገትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ልማት ብቻ እንዲሆን ደንግጎ ነበር፤ ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው ደግሞ ጠረጴዛማ እርከን ከተሠራበት ብቻ ዓመታዊ ሰብል ሊዘራበት ይችላል ይል ነበር። ያ አዋጅ አሁን በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል። ሆኖም የዳገቱን መለኪያ የሚያውቅ ገበሬም ሆነ የሚያስፈጽም የቀበሌ ዳኛ ብዙ አላጋጠመኝም። ሕጉ ባለቤቱን ሳያስቀምጥ ግዴታውን ብቻ ሲያስቀምጥ የሚሆነው ይህ ነው።

በአንጻሩ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ያመጣውን ለውጥ ተመልከቱ። በትግራይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተጀምሮ ወደ አማራ፣ ኦሮሚያና ደቡብ ሲስፋፋ፣ ደብተሩን በእጁ የያዘ ገበሬ በማሳው ላይ እርከን ለመሥራትና ዛፍ ለመትከል ያለው ፈቃደኝነት እንደሚጨምር ጥናቶች አሳይተዋል። ችግሩ ደብተሩ የግል ማሳን እንጂ የወል መሬትን በበቂ ሁኔታ አለመሸፈኑ ነው። በረሃማነት የሚጀምረው ደግሞ በወል ተራራና በወል ግጦሽ ላይ ነው። ጠያቂው የገለጹት ተራራ የቀበሌው ነው ይባላል፤ የቀበሌው ነው ማለት ግን በአሠራር የማንም ሳይሆን ይቀራል።

መንገዱ ጨርሶ የተዘጋ አይደለም። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ከመንግሥት ደን ሌላ የግልን፣ የማኅበረሰብንና የማኅበር ደንን በግልጽ ያውቃል። በወላይታ በሚገኘው በሁምቦ የተሠራው ሥራ ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። በዚያ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ስም ተመዝግቦ የመጠቀሚያ ማረጋገጫ ተሰጣቸው፤ አብዛኛው ደን በተከላ ሳይሆን ጉቶውን በመግረዝና በመንከባከብ ተመለሰ፤ በ2002 ዓ.ም. ደን ከአየር ለሚወስደው ካርቦን ገንዘብ በሚከፈልበት የተባበሩት መንግሥታት የካርቦን አሠራር ተመዝግቦ ለማኅበራቱ ገቢ ማስገኘት ጀመረ። ከካርቦኑ ገንዘብ ይልቅ ለእኔ ትልቁ ነገር የማኅበሩ አባል ሣሩን አጭዶ፣ የተገረዘውን እንጨት ወስዶ ሲገባ የሚያስቆመው አለመኖሩ ነው።

ከአገራችን ውጭም ኒጀር ይህንኑ ታሳያለች። በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ዘመን የተጀመረው ሕግ በገበሬው ማሳ ላይ ያለውን ዛፍ ሳይቀር የመንግሥት አድርጎት ስለነበር ገበሬው በማሳው የሚበቅለውን ቡቃያ ሁሉ ከማደጉ በፊት ይነቅል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ አፈጻጸሙ ሲላላና ዛፉ የገበሬው ነው የሚለው ሲለመድ በማራዲና በዚንደር አካባቢ ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር በሚጠጋ መሬት ላይ ዛፍ ተመለሰ። ይህ ሁሉ የሆነው የችግኝ ጣቢያ ሳያስፈልግ ነው።

ስለዚህ ለጠያቂው የምመክረው፣ ከቀጣዩ ዓመት የእርከን ሥራ በፊት በወረዳችሁ የተከለሉት ቦታዎች በተጠቃሚ ማኅበር ስም ካርታ ተሠርቶላቸው እንዲመዘገቡ ግፊት እንድታደርጉ ነው። የመተዳደሪያ ደንቡም በወረዳው ፍርድ ቤት ሊጠቀስ በሚችል መልኩ ይጻፍ።


የጠያቂው ተጨማሪ ጥያቄ
ከ፦ የወረዳ ባለሙያ (ሰሜን ወሎ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከያቤሎ የጻፉት ወንድማችን ያነሡት ጉዳይ በእኛም ቆላ ቀበሌዎች አለ፤ ከምሥራቅ ወደ እኛ ተዳፋት በበጋ የሚመጡ የአፋር ከብቶችን ስንከለክል ከጎረቤት ጋር ግጭት መፍጠራችንን አስቤው አላውቅም ነበር ማለት አልችልም፤ አስበን ግን በዕቅድ ውስጥ አላስገባነውም።

በማኅበር ማስመዝገቡን እቀበለዋለሁ። ሁለት ነገሮች ግን አሁንም አስቸጋሪ ናቸው። አንደኛው ማኅበሩ ውስጥ የሚገቡት እነማን ናቸው የሚለው ነው። ተራራውን መሬት ለሌላቸው ወጣቶች እንስጥ ስንል ከብት ያላቸው አባወራዎች «አባቶቻችን ያጋጡበትን» ብለው ይቃወማሉ፤ ለአባወራዎች ብንሰጥ ደግሞ ወጣቱ ወደ ጅቡቲና ወደ ሳዑዲ የሚወስደውን መንገድ ይመርጣል። ሁለተኛው የድርቁ ዓመት ነው። ደንቡ ምንም ያህል በመልካም ቢጻፍ፣ ቤተሰቡ ሲራብ ደንብ አይበላም። በዚያ ዓመት ምን ይደረግ?


መልስ 4
ከ፦ ልማታዊ ሴፍቲኔት (የቀድሞ የፕሮግራም ባለሙያ)

ሁለተኛውን ጥያቄ ልውሰድ፤ ምክንያቱም የበረሃማነት ፖሊሲና የድርቅ ፖሊሲ በተለያየ ቢሮ ስለሚያዙ መሬቱ የሚጎዳው በመካከላቸው ባለው ክፍተት ነው ብዬ ስለማምን ነው።

ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ ትልቅ ነበር። በየዓመቱ ድርቅ በመጣ ቁጥር ለልመና ከመውጣት፣ ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት ላለበት ቤተሰብ ድጋፉ አስቀድሞ ታውቆ እንዲደርሰው ታሰበ። መሥራት የሚችለው በወር አምስት ቀን በማኅበረሰብ ሥራ ላይ ይሳተፋል፤ አረጋዊው፣ አካል ጉዳተኛውና ነፍሰ ጡሯ ያለ ሥራ ይደገፋሉ። ከሥራው አብዛኛው የአፈርና ውሃ ጥበቃ ስለሆነ አገሪቱ ከማንኛውም ፕሮግራም በላይ እርከን የሠራችው በዚህ ነው ማለት ይቻላል። ተጠቃሚው ከአምስት ሚሊዮን ጀምሮ ወደ ስምንት ሚሊዮን ደርሷል።

ፕሮግራሙ የቆመው ግን ክፍያው በጊዜው ይደርሳል በሚለው ቃል ላይ ነው። ክፍያው የሚፈለገው ጎተራ ባዶ በሚሆንበት፣ ገበሬው በሬውን ሊሸጥ ወይም ከተከለለው ተራራ እንጨት ቆርጦ ከሰል ሊያከስል በሚገደድበት ወቅት ነው። ክፍያው ሁለት ወር ሲዘገይ በሬው ተሸጧል፣ ዛፉም ተቆርጧል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ገንዘብ ቤተሰቡን ቢመግብም ያለቀውን አይመልስም። በሥራ ላይ ሳለሁ እጅግ ያሳዘነኝ ነገር ይኸው ነበር፤ በአንድ መንደር በዚያው ዓመት የተሠራውን የሚያፈርሰው የዚያው ዓመት የክፍያ መዘግየት ነው።

በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ምክንያት በደረሰው ድርቅ አስቸኳይ እርዳታ የፈለገው ሰው 10.2 ሚሊዮን ነበር፤ ይህም ከሴፍቲኔቱ ተጠቃሚ በላይ ነው። መንግሥት ከራሱ ግምጃ ቤት ከፍተኛ ገንዘብ አውጥቶ ቀድሞ መንቀሳቀሱ፣ የቅድመ ማስጠንቀቂያውም መረጃ ሳይደበቅ መውጣቱ እንደ 1977 ዓ.ም. ያለ እልቂት እንዳይደርስ አድርጓል፤ ይህን በአክብሮት መመዝገብ ይገባል። ይሁን እንጂ ስንዴ የጫኑ መርከቦች በጅቡቲ ወደብ ተራ ሲጠብቁ ጊዜው እንዳለፈም እናስታውሳለን። የሰው ሕይወት ሲተርፍ እንስሳቱና ዛፉ አልተረፉም። የመኖ እርዳታ ለሰው ከሚላከው እህል ጋር አብሮ መታቀድ ያለበት ለዚህ ነው፤ ለአርሶ አደር በሬው፣ ለአርብቶ አደር ላሚቱ ከሞተች በኋላ የሚሰጠው ዱቄት ለዓመታት የሚቀጥል ተረጂነትን ነው የሚያስከትለው። በቦረና ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የተሞከረው የእንስሳት መድን፣ ማለትም በሳተላይት የሚታየው የግጦሽ ልምላሜ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ከብቱ ሳይሞት ገንዘብ የሚከፍለው አሠራር፣ ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ደኻው አርብቶ አደር ዐረቦኑን እንዲችል መንግሥት ካልደጎመው ግን ብዙ ርቀት አይሄድም።

በእናንተ ወረዳ ደረጃ የሚቻለው ይህ ይመስለኛል። የተከለለው ቦታ መተዳደሪያ ደንብ ስለ ድርቅ ዓመት የሚናገር አንቀጽ ይኑረው። በልጉ ከቀረ፣ ክረምቱም እስከ ሐምሌ አጋማሽ ካልጣለ፣ ጉባኤው ተሰብስቦ ከተራራው የተወሰነውን ክፍል ለአጨዳ ይክፈት፤ ግጦሽ ሳይሆን አጨዳ፤ ቅድሚያም አንድ በሬ ወይም አንድ ላም ብቻ ላለው ይሁን። መክፈት በደንብ ሲፈቀድ ሌሊት መግባት ይቀንሳል፤ ሰው የሚሰርቀው በሩ ጨርሶ የተዘጋበትን ነው። ከደኅናው ዓመት ሣርም ለድርቁ ዓመት ታጭዶ የሚከመር ድርሻ ከአሁኑ ይለይ። ለአፋር ጎረቤቶቻችሁም በዚያው አንቀጽ ውስጥ የመተላለፊያና የውሃ ቦታ ይጻፍላቸው፤ በግጭት ከሚጠፋው ይልቅ በስምምነት የሚሰጠው ያንሳል።


መልስ 5
ከ፦ ጥድና ወይራ

የወጣቱን ነገር ልመልስና ልሰናበት። በሠራሁባቸው አካባቢዎች የተሳካው ጥቅሙን መከፋፈል ነው እንጂ ተራራውን ለአንዱ ወገን መስጠት አልነበረም። ሣሩን በዕጣ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የሚያጭዱት አባወራዎች ሲሆኑ፣ የንብ ቀፎው፣ የሚገረዘው እንጨትና በእግር ሥሩ ያለው በመስኖ የሚለማ ቦታ የወጣቶቹ ማኅበር ይሆናል። ማርና ሣር አይጣሉም፤ እንዲያውም ሣሩ ሳይጋጥ ሲቀር አበባው ስለሚበዛ ቀፎ ያለው ወጣት ከማንኛውም ቅጥር ጥበቃ የተሻለ ጠባቂ ሆኖ አይቼዋለሁ። ይህን ክፍፍል ግን ተራራው ገና ራቁቱን ሳለ፣ ከመጀመሪያው ድንጋይ በፊት መወሰን ያስፈልጋል። ሣሩ ጉልበት ከደረሰ በኋላ የሚጠራ ጉባኤ ጠብ ነው የሚሆነው። አንተም አሁን ያለህበት ችግር የመጣው ከዚህ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ቀድሞ በለመለመው ተራራ ላይ ከመከራከር፣ ዘንድሮ ሊከለል በታቀደው አዲስ ቦታ ላይ ጀምረው፤ የቆየው ተራራ ተጠቃሚዎችም አይተው በራሳቸው ጊዜ ይጠይቁሃል።

ደግሞም ሴቶቹን ከጉባኤው አታስቀር። ማገዶ የሚለቅሙት እነርሱ ስለሆኑ የትኛው ቁጥቋጦ ቢገረዝ መልሶ እንደሚበቅል ከእኛ በላይ ያውቃሉ፤ ለምድጃቸው የሚሆነውን በደንቡ ካላገኙት ደግሞ የምትጽፈው ደንብ ሁሉ በየምሽቱ ይጣሳል። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ከተራራው ክለላ ጋር በአንድ ዕቅድ እንዲገባ አለቆችህን ጠይቅ፤ ሁለቱ በተለያየ ጊዜ ሲመጡ ብዙ ጥቅም አይሰጡም።